ከፓምፑ በፊት ጉድጓዱን እንለካ



በጋው በገባ ቁጥር ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ለልማት ክፍላችን የሚደርሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ የያዙ ናቸው። «መሬት አለን፤ ጉድጓድም ቆፍረናል፤ የጎደለን የውሃ መሳቢያ ሞተር ብቻ ነውና እርዱን» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው። በጎመን፣ በሽንኩርትና በቲማቲም መደብ የተሞላ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ድሀ አደጎችን ይመግባል፤ ሥራ ላጡ ወጣቶችም ሥራ ይሰጣል። ነገር ግን ሞተሩን ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ። እኛ ይህን ሥራ በዘለልንበት ቦታ ምን እንደ ደረሰብን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን፤ ገንዘቡ የእናንተ ስጦታ ነበረና ልታውቁት ይገባል።

የሆነው ነገር

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ አንዲት አጥቢያ በግቢዋ 6 ሜትር የሚጠልቅ የእጅ ጉድጓድ ነበራት። ከጉድጓዱ የሚቀዱት ምእመናን ብቻ አልነበሩም፤ የጎረቤት እናቶችም፣ ከእኛ እምነት ውጭ የሆኑት ጭምር፣ ጠዋትና ማታ ጄሪካናቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ቁጥራቸው 40 ያህል ቤተ ሰብ ይሆናል። ወጣቶቹ በባልዲ እየቀዱ አትክልት ማጠጣቱ ስለ ከበዳቸው ፓምፕ ጠየቁ። እኛም ሳንለካና ሳናሰላ ወደ ገበያ ሄድን፤ ባለ 2 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ገዝተን አመጣን። በላዩ ላይ «በደቂቃ 500 ሊትር» የሚል ተጽፎበታል። ትልቅ ቁጥር በማየታችን ደስ አለን።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ ሲነሣ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ውሃውም እንደ ወንዝ ወረደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን ቱቦው አየር ማስተንፈስ ጀመረ። ጉድጓዱ ውስጥ ስንመለከት የቀረው ጭቃ ብቻ ነው። እናቶች መጥተው ባልዲያቸውን ሲያወርዱ የወጣላቸው ድፍርስ ነበር። አንዲት እናት ጄሪካኗን ባዶውን ተሸክማ ስትመለስ፣ «የቤተ ክርስቲያኑ አትክልት ውሃችንን ጠጣብን» አለች። ይህ ቃል ከማንኛውም የሒሳብ ጉድለት ይልቅ ልባችንን ወጋው። በዚያ ሰፈር ስለ ክርስቶስ ፍቅር ስንናገር ቆይተን፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ የጎረቤትን ማድጋ አደረቅን።

ጉዳቱ በዚያ አላበቃም። ፓምፑ ውሃ ሳያገኝ ጥቂት ደቂቃ ስለ ዞረ ውስጡ ውሃ እንዳያፈስ የሚከለክለው ማኅተም ተቃጠለ። ውሃው በድንገት ሲጎድል ደግሞ ከጎን የሚገባው ምንጭ በኃይል ስለ ተሳበ ደቃቅ አሸዋ ይዞ መጣ፤ የጉድጓዱም ግድግዳ በአንድ ወገን ተናደ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው ሆነብን። ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የሻጩ አልነበረም፤ የእኛ የልማት ሠራተኞች ነበር።

ጉድጓዱ ስንት ይሰጣል?

ከዚህ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሰን ጉድጓዱን ለካነው። መሣሪያው ውድ አይደለም፤ ገመድ፣ ባልዲና ሰዓት ይበቃል። በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አስራችሁ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉበት። በማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ፣ ገመዱን አውርዳችሁ ውሃው የሚጀምርበትንና ጉድጓዱ የሚያልቅበትን ለኩ። በእኛ ጉድጓድ ውሃው በ3 ሜትር ላይ ይጀምራል፤ ታቹ 6 ሜትር ነው። እንግዲህ የቆመው ውሃ 3 ሜትር ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የጉድጓዱን ወርድ ለኩ። ወርዱን በራሱ አባዙት፤ የተገኘውን ደግሞ በ0.785 አባዙ። የእኛ ጉድጓድ ወርድ 1.2 ሜትር ስለ ሆነ በአንድ ሜትር ውስጥ ወደ 1,130 ሊትር ይይዛል። በ3 ሜትር ውስጥ ያለው 3,400 ሊትር ያህል ይሆናል። በደቂቃ 500 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ይህን በ7 ደቂቃ ያህል ይጨርሰዋል። ይህን ስሌት አስቀድመን ብንሠራ ኖሮ ገበያም ባልሄድን ነበር።

የሚበልጠው መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ጉድጓዱ የተወሰደበትን ውሃ በምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ ማወቅ ነው። በባልዲ እየቀዳችሁ ውሃውን አንድ ሜትር አጉድሉት፤ ከዚያም ማንም ሳይቀዳ ጠብቁና ውሃው ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ ሰዓቱን ቁጠሩ። የተቀዳው እንዳይባክን ለእናቶች ይታደል። የእኛ ጉድጓድ አንዱን ሜትር ለመመለስ 2 ሰዓት ፈጀበት። ስለዚህ በሰዓት የሚሰጠው ወደ 560 ሊትር ነው። የገዛነው ሞተር ደግሞ በሰዓት 30,000 ሊትር ይጠይቀዋል፤ ከሚችለው ከ50 እጥፍ በላይ ጠየቅነው ማለት ነው።

ይህ ልኬት የሚደረገው በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው በጣም በጎደለበት ወራት ይሁን። በክረምት ማግሥት የተለካ ጉድጓድ ሰውን ያታልላል።

አትክልቱ ስንት ይጠጣል?

በሞቃት አገር በበጋ ወራት አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ወደ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። የአጥቢያዋ አትክልት ቦታ ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር፣ በጠቅላላው 500 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ በቀን 2,500 ሊትር ይበቃዋል፤ በመንገድ የሚባክነውን ጨምረን 3,000 ሊትር ብለን ያዝን። 40ው ቤተ ሰብ እያንዳንዱ 60 ሊትር ቢቀዳ ደግሞ 2,400 ሊትር ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 5,400 ሊትር ናቸው።

ጉድጓዱ በሰዓት 560 ሊትር የሚተካ ከሆነ ይህን ያህል ውሃ በ10 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ቀንና ሌሊት ደግሞ 24 ሰዓት አላቸው። ስሌቱን ስንጨርስ እርስ በርሳችን ተያየን። ለእናቶችም ለአትክልቱም የሚበቃ ውሃ ከመጀመሪያው ነበረ። የጎደለው ትዕግሥት እንጂ ውሃ አልነበረም። ለዚያ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ኃይለኛ ፓምፕ ሳይሆን ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ፓምፕ ነው።

በተጨማሪም የውሃውን ፍላጎት መቀነስ ይቻላል። በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ማጠጣት፣ መደቡን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ውሃውን በየሥሩ ማድረስ እንጂ በመንገዱ ላይ አለመርጨት ያስፈልጋል። አፈሩን አንድ ጣት ያህል ቆፍራችሁ በእጃችሁ ጨብጡት፤ ተጨብጦ የማይበተን ከሆነ የዚያን ቀን ውሃ አይፈልግም።

ፓምፕ ከምን ያህል ጥልቀት ይስባል?

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ከላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃውን በጉልበቱ ጎትቶ አያወጣውም። እርሱ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የአየር ክብደት ነው። ስለዚህ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ቢበረታ ከተወሰነ ጥልቀት በታች ያለውን ውሃ ሊስብ አይችልም። በባሕር ጠረፍ በሥራ ላይ የሚገኘው ወሰን 7 ሜትር ያህል ነው። አገራችን ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ቀላል ነው፤ በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ወሰኑ ከ5 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ደግሞ ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። ውሃችሁ ከዚህ ከጠለቀ ከላይ የሚስብ ፓምፕ አትግዙ፤ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ወይም ውሃውን ከታች ይዞ የሚያወጣ ዓይነት ፈልጉ።

እዚህ ላይ በብርቱ የምናስጠነቅቀው ነገር አለ። ሞተሩ ተጠግኖ ከተመለሰ በኋላ በጋው በረታና ውሃው ከመሳቢያው ወሰን በታች ወረደ። ያን ጊዜ ከወንድሞች አንዱ፣ «በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እርከን ቆፍረን ሞተሩን ወደ ውስጥ እናውርደው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለብዙዎቻችን ብልሃት መስሎ ታየን። ጉድጓዱን የቆፈሩት አዛውንት ግን፣ «ልጆቼ፣ በጢስ የሚተነፍስ ነገር ሰው በሚተነፍስበት ጉድጓድ አይገባም» ብለው ከለከሉን። ነፍስ ያተረፈ ቃል ነበር። የቤንዚንም ሆነ የናፍጣ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ጋዙ በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም የወረደው ሰው ሳያውቀው ይዝላል፤ እርሱን ለማውጣት የሚወርደውም በላዩ ይወድቃል። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መፈተንም አያድንም፤ መርዙ ሰውን በሚገድልበት መጠን መብራቱ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላልና። ስለዚህ በምንም ምክንያት የሚነድ ሞተር ወደ ጉድጓድ አይወርድም።

የትኛው ፓምፕ ለየትኛው ቦታ?

የገመድ ፓምፕ። በመዘውር የሚዞር ገመድ ላይ ክብ ጎማዎች ይታሰራሉ፤ ገመዱ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ይዞ ይወጣል። ከ10 ሜትር ጥልቀት አንድ ጎልማሳ በደቂቃ ወደ 40 ሊትር ያወጣበታል። የሰፈር ብረታ ብረት ሠራተኛ ሊሠራውና ሊጠግነው ስለሚችል፣ ነዳጅም ስለማይፈልግ፣ ለቤተ ሰብና ለትንሽ አትክልት ቦታ እጅግ መልካም ነው።

በእግር የሚረገጥ ፓምፕ። ውሃው ለምድር ቅርብ በሆነበት፣ በወንዝ ዳርና በረግረግ አጠገብ ይስማማል። ውሃው ከ4 ሜትር የማይጠልቅ ከሆነ በሰዓት 3,000 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን እርሱም ከላይ የሚስብ ስለ ሆነ ከላይ የተናገርነው ወሰን ይይዘዋል።

የቤንዚን ወይም የናፍጣ ፓምፕ። ለወንዝ፣ ለሐይቅና ለትልቅ ኩሬ ነው፤ ውሃ ቶሎ የሚተካበት ቦታ ይፈልጋል። በላዩ የተጻፉትን ሁለት ቁጥሮች በማስተዋል አንብቡ። አንዱ ትልቁን የውሃ መጠን፣ ሌላው ትልቁን ከፍታ ይናገራል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ጊዜ አይገኙም። ከፍታው ሲጨምር የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል።

የፀሐይ ኃይል ፓምፕ። በመነሻው ወጪ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነዳጅ የለበትም። ጠባዩ ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ መሥራት በመሆኑ ለደካማ ጉድጓድ ይስማማል። ለአጥቢያዋ የመረጥነው ይህን ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ፣ በሰዓት 500 ሊትር ያህል የሚያወጣ ትንሽ ፓምፕ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቢሠራ 3,000 ሊትር ይሰጣል፤ በሰዓት የሚወስደውም ጉድጓዱ ከሚተካው ያነሰ ነው። ውሃው ከጉድጓዱ ታች እስከ ታንከሩ አፍ የሚወጣው ከፍታ በቱቦው ውስጥ የሚጠፋውን ኃይል ጨምሮ 10 ሜትር ያህል በመሆኑ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት ፓነሎች በቂ ሆኑ። የቤንዚኑን ፓምፕ ደግሞ በሐይቅ ዳር ለምትገኝ ሌላ አጥቢያ አስረከብን፤ እዚያ እስከ ዛሬ በደስታ ያገለግላል።

ፓምፑን መቆጣጠር

ትንሽ ፓምፕም ቢሆን ካልተቆጣጠሩት ያጠፋል። በዚያች አጥቢያ የሠራናቸው መቆጣጠሪያዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ታንከር። ፓምፑ ውሃውን በቀጥታ ወደ መደቡ ሳይሆን 3,000 ሊትር ወደሚይዝ ታንከር ይልካል። ታንከሩ ከምድር አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጧል። የሞላ ታንከር ከ3 ቶን በላይ ስለሚመዝን በእንጨት ቆጥ ላይ አይቀመጥ፤ በሥሩ ልጆች ይጫወታሉና።

ሁለተኛ፣ ተንሳፋፊ ማጥፊያ። ታንከሩ ሲሞላ ከውሃው ጋር ከፍ እያለ የሚሄድ ተንሳፋፊ ፓምፑን ያጠፋዋል፤ ሲጎድል መልሶ ያበራዋል።

ሦስተኛ፣ የጉድጓድ ጠባቂ። ከፓምፑ አፍ ከፍ ብሎ በጉድጓዱ ውስጥ የተሰቀለ የውሃ መጠን ጠቋሚ አለ። ውሃው ከእርሱ በታች ሲወርድ ፓምፑ ይቆማል፤ ጉድጓዱ እስኪያገግምም አይነሣም። ይህ ፓምፑን ከመቃጠል፣ እናቶችንም ከጭቃ ውሃ ያድናል። ይህን ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መተው ከሁሉ የከፋ ቁጠባ ነው።

አራተኛ፣ ቫልቭ። ተሽከርካሪ ክንፍ ያለውን የተለመደውን ሞተር ፓምፕ ውሃ ለመቀነስ በመውጫው በኩል ያለውን ቫልቭ በከፊል መዝጋት ይቻላል፤ በመሳቢያው በኩል ግን ከቶ አይዘጋም። ውሃን እየጨመቁ የሚገፉትን እንደ ፒስተን ያሉትን ፓምፖች ደግሞ መውጫቸውን አትዝጉ፤ ቱቦውን ወይም ራሱን ፓምፑን ይሰነጥቃል። ከላይ የሚስብ ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ወንፊትና ውሃ የማይመልስ ቫልቭ ይኑራችሁ፤ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ፓምፑን በውሃ ሙሉት፤ መጋጠሚያዎቹ አየር እንዳያስገቡ አጥብቁ።

የሰው ቁጥጥር

ማሽን የሚጠብቀው ማሽንን ነው፤ ሰላምን የሚጠብቀው ሰው ነው። በይስሐቅ ዘመን በጌራራ ሸለቆ እረኞች በውሃ ጉድጓድ ምክንያት እንደ ተጣሉ በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እናነባለን። ዛሬም ውሃ ባለበት ጠብ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌዎች፣ የአትክልቱ ወጣቶችና የጎረቤት እናቶች በአንድ ላይ ተቀምጠው ሥርዓት አወጡ።

የመጀመሪያው ውሃ የሰው ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት የሚቀዱት እናቶች ብቻ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ፓምፑ አይበራም። በመለኪያው ገመድ ላይ በተወሰነው ልክ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። በየጠዋቱ ገመዱ ሲወርድ ውሃው ከቀዩ ጨርቅ በታች ከሆነ ጠቋሚው ቢፈቅድም እንኳ የዚያን ቀን አትክልት አይጠጣም። ማንበብ የማይችሉትም ቀዩን ጨርቅ ያያሉ። ገመዱን የምታወርደውም ከእናቶች የተመረጠች አንዲት እኅት እንድትሆን ተደረገ፤ ውሃው የማን እንደ ሆነ ሁሉም እንዲያውቅ ነው። የማብሪያው ቁልፍ በአንድ ኃላፊ እጅ ይቀመጣል። ፓምፑ የሠራበት ሰዓትና የውሃው ልክ በየቀኑ በደብተር ይጻፋል። ከአትክልት ሽያጭ ደግሞ ከየመከሩ ጥቂት ገንዘብ ለጥገና ይቀመጣል፤ የሚሰበር ዕቃ መሰበሩ አይቀርምና።

ባዶ ጄሪካኗን ይዛ የተመለሰችው እናት ዛሬ ከዚያው ጉድጓድ ትቀዳለች፤ ከአትክልቱም ጎመን ትገዛለች። ወዲያው ግን አልታረቀችንም። ሽማግሌዎች ቤቷ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል፤ ገመዱን እንድትይዝ የተመረጠችውም እርሷ ናት።

ለእናንተ የምንለው

የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፤ ፓምፕ ስትጠይቁን በማመልከቻችሁ ላይ አምስት ነገር ጻፉልን። ውሃው በስንት ሜትር ላይ እንደሚጀምር፣ ጉድጓዱ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅና ወርዱ ስንት እንደ ሆነ፣ አንድ ሜትር ውሃ ለመተካት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የአትክልቱ ቦታ ስንት ካሬ ሜትር እንደ ሆነ፣ ከጉድጓዱ ሌላ ማን እንደሚቀዳ። የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉ።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንደሚቆጥር በሉቃስ 14፥28 አስተምሮናል። ለጉድጓድም ይኸው ነው። ቋጠሮ ያለው ገመድ ከቦርሳችሁ አይለይ።

በስጦታችሁ የምትደግፉን ወገኖች ሆይ፤ ትልቅ ሞተር በፎቶግራፍ ላይ ያማረ ሆኖ እንደሚታይ እናውቃለን። ሆኖም የምንልክላችሁ ፎቶግራፍ አንዲት ትንሽ ፓምፕ፣ አንድ ታንከርና ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ገመድ ብቻ ቢያሳይ አትዘኑ። በዚያ ሰፈር ጉድጓዱ ማታም ውሃ አለው፤ እናቶችም የሞላ ጄሪካን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ስለዚህ ጌታን አመስግኑልን፤ ሌሎች ጉድጓዶችን ስንለካም በጸሎታችሁ አስቡን።